የማሪቤል ቦታ

ማሪቤል ኪኞኔስ የምትባለው ሴት ከእናት አልተወለደችም። የተወለደችው አትላንታ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ፎቶ አንሺም ማኅተም ቀራጭም በሆነ ሰው እጅ ነው። ሰውየው ስሟን ከሬዲዮ ይስማው ከድሮ ፍቅረኛው ይዋሰው አይታወቅም። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሯንም እንዲሁ እንደመጣለት ዘጠኝ አኃዝ ደርድሮ ጻፈው። የሐሰት መታወቂያ ካርዱ ሲደርቅ ለፔትሮና ሰጣትና እንዲህ አላት፤

«ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ነሽ። ስትጠሪ ቶሎ አቤት በይ። ተይዞ የሚታሰረው ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።»

ፔትሮና ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጓቲማላ፣ ከዌዌቴናንጎ ተራሮች ወርዳ እዚህ አገር ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ። በማግስቱ ሰኞ በሰሜን አላባማ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በዶሮ ፋብሪካው ሰራተኛ አስተዳደር መስኮት ፊት ቆመች። በዚያ ዘመን ቢሮው ካርዱን ኮፒ ያደርጋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የጫማ ቁጥር ይጠይቃል፤ በቃ። ጫማው አንድ ቁጥር ሰፋት እንጂ ሌላ ችግር አልገጠማትም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ ያልተወለደችው ሴት በማምረቻው መስመር ላይ ቆማ የዶሮ ጭን ከአጥንት ስትለይ ኖረች። ከበሩ ወዲያ ፔትሮና ናት፤ ባል አግብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የምትዘምር። ከበሩ ወዲህ ማሪቤል ናት። ፔትሮና ትታመማለች፣ ታለቅሳለች፣ እናቷን በስልክ ቀብራለች። ማሪቤል ግን አንድም ቀን ታማ አታውቅም። ቀርታም አታውቅም። በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከእሷ የተሻለ ሰው አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት መሀል ሕጉ መጣ።

የግዛቱ ምክር ቤት ሰዎች በዋና ከተማቸው ተሰብስበው እጃቸውን አወጡና አጸደቁት። ፖሊስ መኪና ባስቆመ ቁጥር የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ይጠይቅ አሉ። ወረቀት የሌለው ሰው የገባው ውል አይጽና አሉ። አሠሪ ሁሉ ደግሞ አዲስ የሚቀጥረውን ሰው ስምና ቁጥር በኮምፒዩተር ልኮ ያጣራ አሉ። በዚያ ሳምንት ሠራተኞቹ ከሚኖሩበት ከተጎታች ቤቶቹ ሰፈር ግማሹ ባዶ ሆነ። ሰዎቹ ፍራሽ በመኪና ጣሪያ ላይ አስረው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ውሾቻቸው ቀሩ። ቲማቲም ለቃሚ አጥቶ በየማሳው በሰበሰ። የፔትሮና ባል ኒኮላስ ከሥራ ሲመለስ የመኪናው የኋላ መብራት አንዱ አልበራም ነበር፤ ፖሊስ አስቆመው። ከአንድ ወር በኋላ ከዌዌቴናንጎ ደውሎ «ደርሻለሁ» አላት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ሴት ይዟል መባሉን ሰማች፤ እሱ ግን ይህን ለመንገር አልደወለም። ፔትሮና ከልጇ ከዴይሲ ጋር ቀረች።

እንግዲህ በሕጉ ውስጥ ለእነ ፔትሮና አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው አዲስ ገቢውን ብቻ ነው። ከሕጉ በፊት የገባ ሰው፣ ፋይሉ በመሳቢያው ውስጥ እስከተኛ ድረስ ማንም አይነካውም። ድሮ አንድ ስም ሲበላሽ ሌላ ስም ተገዝቶ ቀጣዩ ከተማ ያለው ፋብሪካ ይገባ ነበር። አሁን ግን የሁሉም በር ላይ ያው ኮምፒዩተር ተቀምጧል። የወጣ አይመለስም።

በመስመሩ ላይ ካቦ የነበረው ኤፍራይን ይህን ለሁሉም በግልጽ ነግሯቸዋል። እሱ ራሱ የሜክሲኮ፣ የሚቾአካን ሰው ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ወረቀቱን ያገኘ፣ የካቦ ቀይ ባርኔጣ የሚያደርግ።

«በሩን ታውቁታላችሁ» ይላል፣ ጥዋት ጥዋት ቢላ ሲያድል። «ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው። መሄድ የሚፈልግ ካለ እኔ ራሴ እይዝለታለሁ።»

የሚሄድ የለም። ሬይና የምትባል ሴት ቅዳሜ ወልዳ ሐሙስ መስመሩ ላይ ቆመች፤ ሽርጧ በጡቷ ወተት ሲርስ ከዶሮው ውሃ ጋር ስለተቀላቀለ ማንም አላወቀባትም። ሌላው አባቱ መሞታቸውን በምሳ ሰዓት ሰምቶ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ሽንት ቤት የሚያስወጣ ሲጠፋ ውሃ መጠጣት የተዉ ነበሩ። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ያያል፤ የመስመሩንም ፍጥነት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

ሰዎቹ ታዲያ ይችን በር ለማታለል አንድ ልማድ አበጁ፤ መተካት። መስመሩ ላይ የቆመ ሰው የፀጉር መረብ አለው፣ በላዩ ባርኔጣ፣ ከታች የአፍ መሸፈኛ፣ መነጽር። የሚታየው ሁለት ዓይን ነው። የባጁ ፎቶ በክሎሪን ውሃ ነጥቶ ቅንድብ ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ አንዷ ቀዶ ጥገና ሲኖርባት፣ ወይም ልጅ ሲታመምባት፣ እህቷ ባጇን አንጠልጥላ በእሷ ስም ትገባለች። ኤፍራይን «የምሳ» የሚሉትን ጉቦ ይቀበልና ወደ ሌላ ያያል። የተተኪዋ ግዴታ አንድ ብቻ ነው። ቦታው አደራ ነው፤ ባለቤቷ ስትመጣ ይመለሳል። ይህን የጻፈውም የፈረመውም የለም፤ እንዲሁ የታወቀ ነበር።

የፔትሮና ቀኝ እጅ መደንዘዝ የጀመረው ከአውራ ጣቷ ነው። መጀመሪያ ስትተኛ፣ ኋላም ጸጉር ስታበጥር፣ በመጨረሻ ቢላውን እንደጨበጠች። አንድ ማክሰኞ ቢላው ሦስት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ኤፍራይን ከሥራ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቃት።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምንም አልሆነም።»

«ምንም ያልሆነ እጅ ቢላ አይጥልም። እኔ ሦስት ቆጥሬብሻለሁ፤ ነጩ ባርኔጣ ሁለቱን አይቷል።» ነጩ ባርኔጣ የሚሉት ዋናውን ተቆጣጣሪ ነው፤ ቋንቋቸውን የማይሰማ፣ ሰዓት ይዞ ከኋላቸው የሚቆም።

«የፋብሪካው ነርስ ኪኒን ሰጥታኛለች።»

«ነርሷ ለሞተ ሰውም ያንኑ ኪኒን ነው የምትሰጠው። ሂጂና ታከሚ። ስድስት ሳምንት ይበቃሻል። ያቺ የእህትሽ ልጅ አለች አይደል?»

«ኦዲልያ? ቢላ ይዛ አታውቅም።»

«አንቺስ ይዘሽ ነው የተወለድሽው?»

ኦዲልያ የሟች እህቷ ልጅ ናት። በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ፔትሮና የመንገዱን ከፍላላት፣ ከሕጉ በኋላ መጣች። ያ ነው ኃጢአቷ፤ ዘግይታ መምጣቷ። ሦስት ፋብሪካ ሞከረች፤ ሦስቱም ጋ ኮምፒዩተሩ አይሆንም አላት። በሦስተኛው ዘበኛው ክንዷን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኛት። ከዚያ በኋላ ያገኘችው ሥራ በየእርሻው እየዞሩ የዶሮ ቤት መጥረግ ነው። ስም የማይጠይቅ ኮንትራክተር ጎህ ሲቀድ በመኪና ይሰበስባቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ የዶሮ ኩስ በአካፋ ሲዝቁ ይውላሉ። ማታ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጉሮሮዋ ተልጦ ትመለሳለች። ፔትሮና ጫማዋንና ልብሷን ደጅ ታስወልቃታለች፤ ሽታው ሶፋው ውስጥ ይገባላ። ትንሿ ዴይሲ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ «ዶሮዋ መጣች» ትላለች። ኦዲልያ ትስቅ ነበር። የምትተኛው እዚያው ሶፋው ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ፔትሮና የዶሮ ጭን በከረጢት ገዝታ መጣችና በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ታስተምራት ጀመር።

«አትጋዢው። እንጨት አይደለም። ጫፉን ከመገጣጠሚያው ሥር አስገቢ፤ አሁን ዞር። ሥጋው ራሱ መንገዱን ያሳይሻል።»

«እርስዎ ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ አክስቴ?»

«ሦስት ወር። ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ።»

«አንዴ ብቻ ባለቅስ ይሻለኛል፤ ጊዜ የለኝም።»

በአራተኛው ቀን ኦዲልያ ጭኑን በአራት ቁርጥ አወጣችው፤ አጥንቱ ላይ የሥጋ ጭራ እንኳ አልቀረም። ፔትሮና አጥንቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ልጅቱ እጅ ነበራት። በዚያ ወር ውስጥ ፔትሮና ከልቧ የተደሰተችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ማሪቤልን አስተማረቻት፤ የልደት ቀኗን፣ የልብስ ሳጥን ቁጥሯን፣ ማን ሲጠራት ምን እንደምትል፣ የትኛዋ ሴት ነገር እንደምታመላልስ።

«ስድስት ሳምንት ነው» አለች ኦዲልያ፣ ባጁን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ። «እርስዎ እጅዎ ብቻ ይዳንልዎ።»

ሐኪሙ በአጎራባቹ በጆርጂያ ግዛት በኩል ነበር። የእጅ አንጓዋን ከፍቶ የታነቀውን ነርቭ ለቀቀ፤ ከዚያ በአስተርጓሚ በኩል «ከሁለት ዓመት በፊት መምጣት ነበረብሽ» አላት። ፔትሮና ከሁለት ዓመት በፊት ቦታዋን ለማን ትታ ትመጣ እንደነበር አልጠየቀችውም።

በመጀመሪያው ቀን ኦዲልያ ስትመለስ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ፔትሮና በግራ እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ በዘይት አሸችላት። አንድ እጇ በፋሻ የታሰረ ሴት፣ ሁለቱም እጆቿ ያበጡ ልጅ፤ ዴይሲ እየሳቀች ሁለቱንም አጎረሰቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። በሦስተኛው ኦዲልያ በሩን አልፋ ገብታ በቀጥታ ጠረጴዛው ጋ መቀመጥ ጀመረች፤ ሽታ የለባትማ፤ ፋብሪካው ሻወር አለው። በአራተኛው ኤፍራይን በመኪናው ያመጣት ጀመር። ክላክስ አድርጎ ያወርዳታል፤ እሷም ዞር ብላ እጇን ታወዛውዝለታለች። ፔትሮና በመስኮቱ መጋረጃ በኩል አየቻቸው። ወጣት ናት፤ ይሁን አለች።

ስድስተኛው ሳምንት ሞላ።

«ሰኞ እገባለሁ» አለች ፔትሮና።

ኦዲልያ ባቄላዋን ትበላ ነበር። «የፊታችን ሰኞ? ትእዛዝ በዝቶ ነጩ ባርኔጣ ከላያችን አልሄድ ብሏል። የሚቀጥለው አይሻልም?»

የሚቀጥለው ደረሰ። የዚያን ጊዜ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር አዲስ ፊት እንዳያዩ ተባለ። «አዲስ ፊት» የሚለው ቃል ፔትሮናን ወጋት፤ ግን ዋጠችው። ሌላ ሳምንት ተጨመረ። በዘጠነኛው ሳምንት ሰኞ ፔትሮና ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳች፤ ቦት ጫማዋን አጠለቀች፣ ፀጉሯን ጠቀለለች፣ ከበሩ ጀርባ ወዳለው ሚስማር እጇን ሰደደች። ባጁ የለም። ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱ በአራት ማዕዘን ታጥፎ ተቀምጧል።

በእግሯ ሄደች። ከተጎታች ቤቶቹ ሰፈር እስከ ፋብሪካው ያለው መንገድ የእግረኛ አይደለም፤ መኪኖቹ እየጮኹባት በሣሩ ዳር ዳር ተጓዘች። ስትደርስ የመጀመሪያው እረፍት ነበር፤ ኤፍራይን ከበሩ ውጭ ቆሞ ያጨሳል።

«ዶን ኤፍራይን፣ ቦታዬን ልወስድ መጥቻለሁ።»

«የምን ቦታ?»

«አይቀልዱብኝ።»

«እዚህ ቀልድ የሚያውቅ አለ? ማሪቤል ውስጥ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገብታለች፤ መዝገቡም ይላል።»

«ማሪቤል እኔ ነኝ።»

«ነበርሽ።» ጭሱን ወደ ጎን ተፋ። «ያቺ ልጅ በደቂቃ ስንት እንደምታወጣ ታውቂያለሽ? አንቺ በደህናው ቀንሽ ያላወጣሽውን ነው። ነጩ ባርኔጣ ባለፈው ቆሞ አያትና ምን አለ መሰለሽ፤ ‹ማሪቤል ምን እየበላች ነው? ታድሳለች› አለ።»

«አደራ ነው የሰጠኋት።»

«ለእኔ አልሰጠሽኝም።»

«እርስዎ ነዎት ተኪ ያሉኝ።»

«ታከሚ ነው ያልኩሽ። ተሽሎሻል?» ሁለት ጣቶቹን ዘረጋላት። «ነይ እስቲ፣ ጨብጪኝ። እስኪያመኝ ጨብጪ።»

ፔትሮና ጨበጠችው። ጥርሷን ነክሳ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ጨበጠችው። ኤፍራይን ሌላ እጁ ውስጥ ያለችውን ሲጋራ እስክታልቅ አጨሳት፤ ከዚያ ጣቶቹን ከመዳፏ ውስጥ እንደ ማንኪያ ከቅቤ ሳብ አድርጎ አወጣቸው።

«አየሽ» አላት። ክፋት እንኳ አልነበረበትም ድምፁ። «እኔም በላዬ አለቃ አለብኝ።»

ደወሉ ተደወለ፤ ገባ።

ፔትሮና ከዚያ ወደ ቤት መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። በጎን በኩል ዞራ ሰራተኛ አስተዳደር መስኮት ጋ ቆመች፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የቆመችበት መስኮት። በዚያው ወንበር ያን ቀን የመዘገበቻት ሚስ ቴሬል ተቀምጣለች፤ ያኔ ፀጉሯ ቡናማ ነበር፣ አሁን ነጭ ነው። ከሴቶቹ የለቃቀመችው ስፓኒሽ አላት፤ ትእዛዝ ለመስጠት ይበቃል።

«ማሪቤል ኪኞኔስ ነኝ» አለች ፔትሮና። «ሌላ ሴት በስሜ እየሠራች ነው።»

ሚስ ቴሬል ተነስታ ከመሳቢያው ፋይሉን አወጣች። ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያን ቀን የተነሳው ፎቶ ተለጥፏል። ፔትሮና ከመስኮቱ ወዲህ ሆና አየችው። ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ጉንጉኗ ወፍራም፣ በትከሻዋ ላይ የወደቀ። ዓይኗ የሆነ ነገር ሊያስቃት እንደተቃረበ ሰው ነው። ፔትሮና እንዲህ መሆኗን ረስታው ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት የፋብሪካ ብርድ በኋላ ጉንጯ ገብቷል፤ ፀጉሯ መረቡ በሚያርፍበት መስመር ሁሉ ሳስቷል። በፎቶው ላይ ያለችው ሴት ኦዲልያ ናት። ያንኑ የእናቷ ቤት ግንባር፣ ያንኑ አገጭ ይዛ፣ ያንኑ ሃያ አራት ዓመት።

ሚስ ቴሬል ፎቶውን አየች፤ ፔትሮናን አየች፤ ደግማ ፎቶውን አየች።

«ይቺ አንቺ አይደለሽም» አለች።

«እኔ ነኝ። ወጣት ሳለሁ ነው።»

«ይቺን ሴት ባለፈው ዓርብ አይቻታለሁ። የሥራ ደህንነት ወረቀት ልትፈርም እዚሁ ቆማ ነበር፤ መሸፈኛዋን አውልቃ። ይቺው ናት።»

«የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ነኝ ያስገባኋት።»

ሚስ ቴሬል ተነስታ የቢሮውን በር ዘጋች። ተመልሳ ስትቀመጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃሉን እየለየች ተናገረች።

«ስሚኝ። ይህ ፋይል ከሕጉ በፊት የተከፈተ ነው። ጠይቂ ያለኝ ስለሌለ አልጠየቅሁም። አንቺ ግን በዚህ ስም ሁለት ሴቶች አሉ ብለሽ ከነገርሽኝ፣ አወቅሁ ማለት ነው። ካወቅሁ ፋይሉን እዘጋለሁ። ሁለታችሁም መሥራት ከፈለጋችሁ በዚያች በኩል እንደ አዲስ ታልፋላችሁ።» በአገጯ ኮምፒዩተሩን አሳየቻት። «ምን እንደሚል አንቺም እኔም እናውቃለን። እንግዲህ ልጠይቅሽ። እስካሁን ምን ነገርሽኝ?»

ፔትሮና አፏ ውስጥ ቃሉ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ብታወጣው ኦዲልያ እስከ ምሳ ድረስ ደጅ ትሆናለች። በዘጠኙ ሳምንት ውስጥ ዋጥ ያደረገችው ሁሉ ያን ቃል ወደ ላይ ይገፋው ነበር። ነገር ግን የተጎታች ቤቱ መሬት ኪራይ የሚከፈለው በማሪቤል ደሞዝ ነው። የዴይሲ ጫማ፣ መብራቱ፣ የሐኪሙ ዕዳ፤ ሁሉም ባልተወለደችው ሴት ትከሻ ላይ ነው። እሷን መግደል ቀላል ነው። ግን ከእሷ ሌላ ጧሪ ማን አለ?

«ምንም አልነገርኩሽም» አለች። «ዘመድ ፈልጌ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

«መልካም ቀን» አለች ሚስ ቴሬል፤ ፋይሉን ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ኦዲልያ የዚያን ቀን የተመለሰችው በተለመደው ሰዓት ነው። እጇን ታጠበች፤ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ሩዝና ዶሮ በላች። ፔትሮና ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ትፈገፍግ ነበር። ዴይሲ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ቢሮ ሄደሽ ነበር አሉ» አለች ኦዲልያ።

ፔትሮና ዞረች። ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትላት የኖረች ልጅ ናት።

«አንቺ አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ስሚ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። እጅሽ አይሠራም፤ ኤፍራይን ነግሮኛል። ብትገቢ በሳምንቱ ያስወጡሻል። ያኔ ቦታው ለአንቺም ለእኔም አይሆንም። እኔ ይዤው ቢያንስ እዚህ ቤት ውስጥ አለ።»

«ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ።»

«አስተምረሽኛል፤ አልካድኩም። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ዓመት ኩስ ስዝቅ ኖሬ እዚያ ደጅ፣ በዝናብ፣ በጎረቤት ፊት ልብሴን ታስወልቂኝ ነበር። ልጅሽ አፍንጫዋን ስትይዝ ትስቂ ነበር።»

«ሕፃን ናት እሷ።»

«አንቺስ?»

እውነት ነው፤ ስቃለች። እንዲያውም አንድ ቀን ለጎረቤት ስታወራ የዴይሲን አፍንጫ አያያዝ አስመስላ አሳይታ፣ ሁሉም አብረው ስቀዋል፤ ኦዲልያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ሳለ። ያኔ ኦዲልያም የሳቀች መስሏት ነበር።

«ቢሮ ውስጥ ብናገር ኖሮስ?» አለች ፔትሮና በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «አንድ ቃል ነበር የቀረኝ።»

«አልተናገርሽም።»

«አልተናገርኩም።»

«አውቃለሁ» አለች ኦዲልያ። ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ለዚህ እኮ ነው የማልፈራሽ።»

ከዚያ የቀረውን እንደ ገበያ ዝርዝር ነገረቻት። የመሬቱን ኪራይ ከአሁን በኋላ እሷ ትከፍላለች። የመብራቱንም። ስለዚህ ክፍሉ ለእሷ ይሁን፤ ለሥራ የሚነሳው ሰው ነው አልጋ የሚያስፈልገው። ዴይሲና እናቷ ሶፋውን ይዘርጉት፤ ሲዘረጋ ለሁለት ይበቃል። ኤፍራይን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ያን ቀን ዴይሲን ጸሎት ቤት ይዛት ብትሄድ ጥሩ ነው።

«የምግቡ?» አለች ፔትሮና። ይህን መጠየቋ ለራሷም ገረማት። ቦታዋን የተቀማች ሴት ጥያቄዋ ይህ መሆን አልነበረበትም።

«የምግቡን አንቺ ቻይው። የኮንትራክተሩ መኪና ሰው አንሶታል፤ ተናግሬልሻለሁ። ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ማዞሪያው ጋ ቁሚ። ስም አይጠይቅም።»

ዴይሲ እርሳሷን አስቀምጣ ሁለቱን ታያቸው ነበር። አሥር ዓመቷ ነው፤ ሁሉም ገብቷታል። ማንም ሳያዛት ተነስታ ክፍሉ ገባችና ልብሷን በሁለት እጇ አቅፋ አወጣች።

አሁን ፔትሮና ከዶሮ ቤት ጠራጊዎቹ ጋር ነች። መኪናው ውስጥ ስምንት ሴቶች ይቀመጣሉ፤ የፊቱ ወንበር ለአካፋዎቹ ነው። ኮንትራክተሩ በእርግጥም ስም አይጠይቅም፤ «አንቺ» ይላል፣ ሲበዙበት «ባለ ሰማያዊዋ»። ቀኝ እጇ ስለማይጨብጥ እጀታውን በክንዷ ብብት አጥብቃ ይዛ በግራዋ ትገፋዋለች። ከሌሎቹ ትዘገያለች። የምትከፈለው ባጸዳችው ልክ ስለሆነ ማንም አያስቸኩላትም። የፋብሪካው ሰዎች እሁድ በጸሎት ቤት ሲያገኟት ኦዲልያን «ማሪቤል» እያሉ፣ እሷን ደግሞ «እጅሽ እንዴት ነው?» ይሏታል፤ መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ምን ያድርጉ? ሁሉም ቦታውን ለአንድ ሰው አምኖ መስጠት ያለበት ቀን ይመጣበታል፤ የፔትሮናን ነገር መስማት ያን ቀን ያከብድባቸዋል። ከእሷ ወዲህ በፋብሪካው የሚተካ ጠፍቷል ይባላል። ባለፈው ወር ሬይና ትኩሳት ይዟት መስመሩ ላይ ወድቃ እንኳ ባጇን ለእህቷ አልሰጠችም፤ እህትየዋ ደጅ ቆማ ስታለቅስ አይተዋታል።

አንድ ሐሙስ የሚጠርጉት ቤት ጎን ባለው ሌላ ቤት ዶሮ ይጫን ነበር። ጭነት መኪናው ሲሞላ በእነሱ ፊት አለፈ፤ በሳጥን ላይ ሳጥን ተደራርቦ፣ ነጭ ላባ በየቀዳዳው ወጥቶ፣ ወደ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። ሴቶቹ አካፋቸውን ተደግፈው አዩት።

«ታድለው» አለች ከፔትሮና ጎን የቆመችው ሆንዱራሳዊት፣ አፏን ከሸፈነችበት ጨርቅ ሥር። «ቀጥ ብለው ነው የሚገቡት። ኮምፒዩተሩ እነሱን ማናችሁ አይላቸውም።»

ሁሉም ሳቁ። ፔትሮናም ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ቀሰቀሰባትና ጎንበስ ብላ ቆየች። ኮንትራክተሩ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ገና ሁለት ቤት ይቀራል አለ። አካፋውን በብብቷ አጥብቃ ገባች።